የአማቴ የበርበሬ ዘር

አማቴ ከቡሬ ገጠር ወደ እኛ ቤት ሲመጡ ከልብሳቸው ሌላ የያዙት አንድ ቅል የበርበሬ ዘር ብቻ ነበር። እናታቸውም አያታቸውም የዘሩት ነው ይሉ ነበር። በፍኖተ ሰላም ገበያ እንደዚያ ያለ ዛላ አላየሁም። ዓይናቸው ደክሞ መትከሉን ሲተዉ ዘሩ ለማን እንደሚሆን አልጠየቅሁም። የልጃቸው ሚስት ነኝና የእኔ መስሎኝ ነበር።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ከአጥራችን ወዲያ አንዲት የመምህር ሚስት ገባች። ከሌላ አውራጃ የመጣች ናት፤ በዕድሜም ከእኔ በብዙ ታንሳለች። በዚያ ክረምት ሁለታችንም ከገበያ ችግኝ ገዝተን በየጓሯችን በርበሬ ተከልን። እኔ ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ሙጃና ሰርዶ እነቅላለሁ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል። የእሷ መደብ ግን ንጹሕ ነበር። ጎንበስ ብላ ስታርም አይቻት አላውቅም።

አማቴ ወንበራቸውን አጥሩ ሥር እያስወጡ ከእሷ ጋር መጫወት ለመዱ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «እጇ የተባረከ ነው» አሉ። ወጥ ጨመርኩላቸው። «ዘሬን ለአረም ለማታስበላው ነው የምሰጥ።»

የራሴን ሳልጨርስ ገበታውን አነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ በአጥሩ ቀዳዳ እሷን ማየት ጀመርኩ። መናገሩ ያሳፍራል። የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የጎመን ቅጠልና የቡና አተላ በቅርጫት ታወጣለች። ልጣጩን በቢላ ትከትፍና ከግንዱ አንድ ስንዝር እየራቀች በችግኞቹ መካከል ወፈር አድርጋ ታነጥፈዋለች። ደረቅ ሣር ታለብሰዋለች። «መሬቱ ፀሐይ ካላየ አረሙ በምን ይወጣል?» አማቴን ስትላቸው ሰማሁ። ብጠይቃት በደስታ ትነግረኝ ነበር። ልጄ ልትሆን የምትችለውን ሴት መጠየቅ ከበደኝ።

እኔም የማድ ቤቱን ጥራጊ ማጠራቀም ያዝኩ። ሳምንቱ የማኅበር ተራዬ ስለነበር ብዙ ስንዴ ለቅሜአለሁ። ከሰፌዱ የወጣውን ሁሉ ከልጣጩ ጋር ቀላቅዬ በተንኩት። ከእሷ ይልቅ የእኔ ወፍሮ ሲታየኝ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ መደቡ አረንጓዴ ለበሰ። አማቴ በምርኩዛቸው መጥተው አንዱን ነቀሉና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይኼ እንክርዳድ አይደለም?»

«ይመስለኛል፣ እማማ።»

«ከስንዴው ለቅመሽ የት ደፋሽው?»

እጄን ወደ መደቡ ዘረጋሁ።

«ሰው እንክርዳድ ለቅሞ ለዶሮ ይሰጣል፤ አንቺ ማዳበሪያ አንጥፈሽ ዘራሽው!»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከአጥሩ ወዲያም ሳቅ ሰማሁ፤ ወዲያው ታፈነ።

«እትዬ፣ ልምጣና አብረን እንንቀለው?» አለች ጎረቤቴ።

«እኔው እነቅለዋለሁ።»

ሦስት ቀን ነቀልኩ። ከእንክርዳዱ ጋር ብዙ ችግኝ ተነቀለብኝ።

ኅዳር ላይ አማቴ ቅሉን ከመደርደሪያው አስወረዱኝና፣ «በአጥሩ በኩል አቀብያት» አሉ። ወስጄ ዘረጋሁላት። እሷ ያዘችው፤ እኔም ይዣለሁ።

«ይልቀቁት እንጂ፣ እትዬ» አለች እየሳቀች።

ለቀቅኩት። ክዳኑን ከፍታ አየችና ቀና አለች። «ለእርስዎም ላካፍልዎት? ለሁለታችንም ይተርፋል።»

«አያስፈልገኝም» አልኳት።

አማቴ ከኋላዬ ተቀምጠው ይሰማሉ።

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ዘሩን ልጠይቃት አስብ ነበር፤ በየዓመቱ አሳለፍኩት። አማቴ ካረፉ በኋላ መምህሩ ከነሚስቱ ወደ ዱርቤቴ ተዛወረ፤ ቅሉም ከእነሱ ዕቃ ጋር ሄደ። እኔ የምተክለው እስከ ዛሬ የገበያ ችግኝ ነው። ልጣጩን ግን እንደ እሷ ከትፌ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቄ አነጥፋለሁ። አረም አይወጣበትም።