ሚስተር ራጁን የሚተካ ተገኘ

ዛሬ ከሴቻ ቢሮ የመጣው የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ «ሚስተር ራጁ ዞር ይበሉ፤ ማሽኑን አንቺ አስነሺው» አለኝ።

የክር ፋብሪካችንን ማሽኖች የሚጠግኑት ህንዳዊው ሚስተር ራጁ ናቸው። የሥራ ፈቃድ ያገኙት ሙያውን ለአገሬው ሰው እንዲያስተምሩ ነው፤ ተማሪያቸው እኔ ነኝ።

ሚስተር ራጁ ለፈተና ብለው እንዲላላ ያደረጉትን የማሽኑን ቀበቶ አጠበቅኩና አስነሳሁት። ክሩ ሳይበጠስ ተጠቀለለ።

ተቆጣጣሪው «እንግዲህ ተተኪ ስላለ ፈቃዱ አይታደስም» አለ።

ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን እጄን ጨብጠው «አንተ ጎበዝ ነህ» አሉኝ። (አማርኛ የተማሩት ከእኛ ነው፤ ወንድና ሴት ቢቀላቅሉ አይፈረድባቸውም።)

ሆዴ ቢባባም ሥራውን እንደምችለው አውቃለሁ።

እናንተስ ከውጭ ሰው ሙያ ተቀብላችሁ ታውቃላችሁ? ስትሸኙት ምን አላችሁት?