የደመወዝ ክፍሉ የማን ነው

የረመዲዮስ መስኮት ጄኔራል ሳንቶስ ወደብ ካለው የቱና ዓሣ ፋብሪካ የሠራተኞች መግቢያ አጠገብ ነው። እዚያ ተቀምጣ ደመወዝ ስትሠራ አረጀች፤ አለቃሽ ማን ነው ያላት አልነበረም። ሠራተኛ ሰው ሲሞትበት መጥቶ ይነግራታል። እሷም ከሁሉም ደመወዝ ጥቂት ጥቂት ፔሶ ትቆርጥና ሬሳው ሳይወጣ ለሐዘንተኛው ታደርሳለች። አቡሎይ ይሉታል። ፊርማ አይጠየቅበትም ነበር።

አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና ክፍሉ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ጠየቀ። የሂሳብ ኃላፊው ሰር ኤስካሎና፣ ገንዘብ ነውና የኔ ነው አለ። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ማም ቴሲ፣ የሰው ጉዳይ ነውና የኔ ነው አለች። እስኪወሰን ድረስ ያለ አለቃ ፊርማ ምንም እንዳይቆረጥ ታዘዘ።

የረመዲዮስ ባል ክሪስፒን የሞተው በዚህ መሐል ነው። ካሚጊን ደሴት፣ እናቱ አጠገብ ቅበሪኝ ብሏት ነበር። ለመኪናውና ለጀልባው አቡሎዩ ይበቃል፤ ሌላ ገንዘብ አልነበራትም።

ሬሳው እንደ አገሩ ልማድ ለቀናት ሳሎን ተጋድሞ፣ ጎረቤቱ ካርታ እየተጫወተ ሲያመሽላት፣ እሷ ቀን ቀን ሥራ ገባች። እንደ ታላቅ እህት «አቴ» የምትላት ዓሣ ከታፊዋ ሎርና በመስኮቱ አጮለቀች።

«አቴ ረሚ፣ ሬሳ ቤት ትተሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ደመወዝ ነገ ነው።»

«እንግዲያው አቡሎይሽን ቁረጪዋ። ለእናቴ ጊዜ የማን ፊርማ ነበረሽ?»

«እሱ የሰው ነው። የራሴን ብቆርጥ ሌባ እባላለሁ።»

«ኮምፒውተሩ ላይ የት ጋ እንደሚጫን አሳዪኝና እኔ ልጫነው።»

«በዚያ ዓሣ ዓሣ በሚሸት እጅሽ?»

ሎርና ሳቀች። ረመዲዮስ አልሳቀችም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ኃላፊዎቹ ቢሮ ወጣች።

ኤስካሎና ከወንበሩ ተነስቶ እጇን ጨበጠ። «ከልቤ አዝኛለሁ። ግን ይሄ የሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ ቴሲ ትፈርምልሽ።»

ቴሲ አቀፈቻት። «የኔ እህት፣ መቁረጥ እኮ የሂሳብ ሥራ ነው። ብፈርም ሥልጣኔን ወሰድሽ ይለኛል።»

ሁለቱም ደግ ሰዎች ነበሩ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ የሚረገም ይገኝ ነበር። ሰው አንድን ነገር የኔ ነው የሚለው እስኪከብደው ድረስ ነው መሰለኝ። ረመዲዮስ ደረጃውን ስትወርድ መናደድ እንደሚገባት ታውቅ ነበር፤ ንዴቱ ግን እንደ እንባዋ ሁሉ ሳይመጣ ቀረ።

ክሪስፒን እዚያው ከተማ፣ እንደ ቁም ሣጥን መሳቢያ በተነባበሩት የሲሚንቶ መቃብሮች ውስጥ ገባ።

ከወር በኋላ ክፍሉ ለሂሳብ ተሰጠ። ኤስካሎና ወደ መስኮቷ ወረደ።

«አሁን እፈርማለሁ። ወደ ኋላ ተመልሰን እንቆርጥልሻለን።»

«ተቀብሯል፣ ሰር።»

«ገንዘቡ ግን ይጠቅምሻል።»

«አቡሎይ ሬሳ ሳይወጣ ነው።»

ብዙ ሳይቆይ አንድ ዘበኛ አባቱ እንደሞተ ሊነግራት መጣ። ፊርማ ልትጠይቅ ተነሳች፣ ትንሽ ቆመች፣ ተመልሳ ተቀመጠችና ቆረጠች። ኤስካሎና ሲያውቅ ማን እንደፈቀደ ጠየቃት።

«እኔ» አለች። ድፍረትም ቁጣም አልነበረበትም፤ ሰዓት ተጠይቃ እንደምትናገር ነበር። ኤስካሎና የተቆረጠውን እንዳለ ትቶ ወደ ላይ ተመለሰ።