ጎማ መራጩ

ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ጎሚስታ ነበር። የጭነት መኪና ጎማ ሲያወርድ፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ ኖሮ ኖሮ ወገቡ ክሪክ ለመሸከም እምቢ ሲለው ሱቁን ዘጋ። ሚስቱም በዚያው ሰሞን ሞተችበት። የቀረችው መጋረጃ ሰፊዋ ልጁ ናት፤ እሷ ደግሞ ምን ብትወድ ጥሩ ነው? በሪሞት የሚነዱ፣ ክንድ የማይሞሉ መኪናዎች ምንጣፍ ላይ ማሽቀዳደም! ሳቁ እንጂ፣ እሱም መጀመሪያ ስቆባታል። "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜሽ?" ብሏት ነበር። አንድ እሑድ ግን ዝም ብሎ ተከትሏት ሄደ፤ ሄዶም በዚያው ቀረ።

አዳራሹ የድሮ መጋዘን ነው። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ምንጣፍ ለብሷል፤ ምንጣፉ ላይ በፕላስቲክ ዘንግ የታጠረ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ከጎኑ ነጂዎቹ ሪሞታቸውን ይዘው የሚቆሙበት ከፍ ያለ መድረክ፣ ከኋላ ደግሞ መኪና የሚፈታባቸው ረጃጅም ጠረጴዛዎች። ገና በሩ ላይ የጎማ ሽታ ይቀበላል። ጎሚስታው ያን ሽታ ሲያገኘው ሱቁ የተመለሰ ያህል ደስ አለው።

እዚያ ቤት ነገሩ ሁሉ ጎማ ነው። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢጮህ ጎማው ካልሆነ ከንቱ ነው። ጠዋት ምንጣፉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ ለስላሳ ጎማ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ግን ከመኪናዎቹ የተፋቀው ጎማ ምንጣፉን ይቀባዋል፤ እንደ ሙጫ ይይዛል። ያኔ ከፊት ለስላሳ ጎማ ያሰረ ሰው አለቀለት። መኪናዋ ልትታጠፍ ስትል የፊት ጎማዋ ምንጣፉን ይነክስና በጀርባዋ ይገለብጣታል። የፊቱን ጠንከር፣ የኋላውን ለስለስ ማድረግ ነው፤ ስንት ጠንከር፣ ስንት ለስለስ የሚለው ላይ ነው ጥበቡ።

ሌላው ሰው ይህን በመለኪያ ያውቃል። ለምሳሌ ከነጂዎቹ አንዱ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ መርፌ ያላት ትንሽ መለኪያ ጎማው ላይ ጫን አድርጎ ቁጥር ያነባል። ጎሚስታው ግን በአውራ ጣቱ ይጫንና "ይቺን አሁን፣ ያቺን ለከሰዓት" ይላል፤ እንዳለውም ይሆናል። ስሙንም "አውራ ጣት" ብለው አወጡለት። እሱም አፉን ሞልቶ፣ "ሐኪም፣ አንተ ቁጥር ቁጠር፤ እኔ ጎማውን አናግረዋለሁ" እያለ ያበሽቀዋል። ከኩራቱ ብዛት ደግሞ አንድ ክፉ አመል አወጣ፤ አዲስ ጎማ ሲገዛ ጥንካሬውን የሚያሳየውን ምልክት ከቸርኬው ላይ በምላጭ ፍቆ ያጠፋል፣ ሰው እንዳይቀዳበት። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጎማዎች ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ለይቶ የሚያውቃቸው ያ ጣት ብቻ ነው።

ስኳሩ የቆየ በሽታው ነው። ብርዱ ሲገባ እግሩን ያደነዝዘው ጀመር፤ ከዚያ ወደ ሁለቱም እጆቹ ወጣ። መጀመሪያ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ቀጥሎ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አልታወቀው አለ። አንድ ቀን ጎማ ቢጫን፣ ወይ ፍንክች! ድንጋይ ይሁን ጥጥ፣ ጣቱ አልናገር አለ። ለማን ይንገር? ልጁ እሑድ እሑድ "አባዬ፣ ተነሣ እንጂ፣ ያለ አንተ እንዴት ይሆናል?" ብላ የምትቀሰቅሰው ለዚያ ጣት ብላ ነው ብሎ ያምናል። ጣቱ ከሞተ እሱ ምኗ ነው? ቤት ጠባቂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሰውዬው ግን የፈለገው መድኃኒት ሳይሆን እሑዱን ነው። ስለዚህ የሆዱን በሆዱ ይዞ፣ ጎማውን ሲጫን ፊቱን ኮስተር እያደረገ ማስመሰል ጀመረ። የትኛው ጎማ ሳጥኑ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ያውቃልና ለጊዜው ነገሩ ሄደለት።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ደረሰ። ከዚያ አዳራሽ ወደ ትልቁ ውድድር የሚያልፉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ልጁ ይህን ስትመኝ ዓመታት ሆኗታል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ዙር አለ፣ የሁለቱ ነጥብ ተደምሮ ነው የሚያዘው። ሳጥኑን ከፈተ። ጎማዎቹ ታጥበው፣ ተወልውለው፣ ቦታቸው ተቀያይሮ እንደ አዲስ ተደርድረዋል።

"አባዬ፣ አጠብኩልህ እኮ! አቧራው አስጠላኝ" አለችው እየሳቀች።

"ተባረኪ፣ የኔ እናት" አላት።

አንዱን አነሣ፣ ጫነ። ሌላውን አነሣ፣ ጫነ። እሷ ከጎኑ ቆማ ዐይን ዐይኑን ታየዋለች። በመጨረሻ የመጣለትን ሁለት አንሥቶ "እነዚህን ፊት እሰሪ" አላት። እሷም ሳትጠራጠር አሰረች።

መኪናዋ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተገለበጠች። አነሡላት፤ ቀጣዩ ላይ እንደገና። "ምነው፣ ዛሬ ጀርባዋን አሳከካት እንዴ?" አለ ጥርስ ሐኪሙ ከመድረኩ ላይ፤ ሰው ሳቀ። ዙሩ ሲያልቅ ልጅቱ መጨረሻ ነበረች።

ወርዳ ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለው ነበር። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባዬ። አንተ ጎማ አትስትም። እጄ ነው የከበደኝ። ሌሎቹ በዚያው ፍጥነት ሲታጠፉ አየሁ እኮ። ከዛሬ ወዲያ ይብቃኝ፣ አልችልበትም" አለች።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ልጅቱ ጥፋቱን በገዛ እጇ ተሸክማለች፤ እሱ ስሙም፣ እሑዱም እንደነበሩ ይቀሩለታል። ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ እኔ በበኩሌ ይቅር አልለውም ነበር።

"እጅሽ አይደለም" አላት። "የሞተው የኔ እጅ ነው።"

"ተው፣ አባዬ። ልታጽናናኝ ብለህ ነው።"

"በእናትሽ ነፍስ፣ እውነቴን ነው።"

አላመነችውም። ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን አዞረች። ጠረጴዛው ላይ ከዙሩ በፊት ጎማ የሚያሞቁበት ማሞቂያ እንደተሰካ ነበር፤ ብረቱ እንደ ምጣድ ግሏል። ሰውዬው አውራ ጣቱን እላዩ ላይ አሳረፈ። "እዪኝ" አላት፤ ዞራ አየችው። እሱ ጣቱን ሳያነሣ፣ ድምፁንም ሳይለውጥ፣ "ጎማውም እንዲህ ነው የሚሆንብኝ። በግምት ነው የሰጠሁሽ" አለ።

"ኧረ አባዬ!" ብላ እጁን መነጨቀችው። ቆዳው ተልጦ ነበር። ውኃ አፈሰሰችበት፣ በሻሿ ጠቀለለችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ብርዱ ከገባ።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ለኔ ሳትነግረኝ? ለኔ?"

"ፈራኋ። ጎማ የማይመርጥ ሽማግሌ ምን ያደርግልሻል?"

"አሁን ይሄ ንግግር ነው?" አለች፤ ተቆጥታለች፣ እንባዋም ወርዷል። "እኔ ጎማ ፍለጋ ነው እንዴ የምቀሰቅስህ? ብቻህን ግድግዳ ስታይ እንዳትውልብኝ ብዬ እንጂ!"

ይህን ሲሰማ ደስም አለው፣ አመመውም። ይህን ሁሉ ጊዜ እሱ እሷን የሚረዳ መስሎት፣ ለካ ስትረዳው የኖረችው እሷ ናት።

ሁለተኛው ዙር ተጠራ። ሰውዬው ተነሣና ሰው ሁሉ እያየው ወደ ጥርስ ሐኪሙ ሄደ። "ሐኪም፣ ያችን መለኪያህን ታውሰኛለህ?"

"ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች! አውራ ጣት..." ብሎ ጀመረ ሐኪሙ። ከዚያ የተጠቀለለውን እጅና የሰውዬውን ፊት አየ። መለኪያዋን በሁለት እጁ ሰጠው። "ይውሰዱ፣ ጋሼ።"

ልጅቱ እየለካች ቁጥሩን ትጠራለት ጀመር። እሱ ግን ቁጥሩ የቱ ለስላሳ፣ የቱ ጠንካራ እንደሆነ አያውቅም፤ ሲስቅበት ኖሮ ከየት ይማረው? "ቁጥሩን ተይው" አላት በመጨረሻ። "ራስሽ ጫን በይና ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።"

ጫነች። መጋረጃ ሰፊ አይደለች? "ይሄ ከፋይ ጨርቅ ነው" አለች። "ይሄ ደግሞ... ወፍራም ሱፍ። ይሄ ሸራ ነው፣ የድንኳን ሸራ።"

"ሸራውን ፊት፣ ሱፉን ኋላ" አላት።

መኪናዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልተገለበጠችም። ልጅቱ ያን ዙር አንደኛ ወጣች፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን አራተኛ። የሚያልፉት ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ያ ጎማ ባይታሰርላት ታልፍ እንደነበር ሁለቱም ያውቁታል።

ሲመሽ ሳጥኑን እሷ ይዛ ወጡ። አስፋልቱን ሊሻገሩ ዳር ቆሙ፤ እሱ መኪና ይመጣ እንደሆነ ወደ ማዶ እያየ ነበር። ወደ ታች ሲመለከት ባልተቃጠለው እጁ ውስጥ የልጁን እጅ አገኘ። ጣቶቿ በጣቶቹ መሐል ገብተዋል፣ አጥብቃ ይዛዋለች። እጁ ደንዝዟልና ከመቼ ጀምሮ እንደያዘችው አያውቅም። ከዚያ በኋላ መንገዱን እሷ ታየው ብሎ፣ እሱ እጃቸውን እያየ ሄደ።