የጽድቅ ልጅ

ጣሊያን ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ አባቴ ገሱባ አጠገብ ካለው መንደራችን አንሥቶ ሶዶ ወሰደኝና ለአንዲት ወይዘሮ ሰጠኝ። «ሰጠኝ» የምለው ሌላ አጭር ቃል ስላጣሁ ነው። አባቴ ገባር ነበር፤ ወይዘሮዋ ደግሞ እሱ የሚገብርለት የመልከኛው ሚስት። ገባር ለመልከኛው ሚስት ማር አልሰጥም እንደማይል ሁሉ ልጅም አልሰጥም አይልም። ማሩንና እኔን በአንድ ቀን እንዳስረከበ አክስቴ ኋላ ነግራኛለች። ማሩ በአህያ ሄደ፣ እኔ በእግሬ።

እናቴ በወሊድ ከሞተች ገና አንድ ክረምት ማለፉ ነበር። ወይዘሮዋ ደግሞ ልጅ አልወለደችም። የንስሐ አባቷ ብዙ ጾምና ስግደት ካዘዙላት በኋላ፣ በመጨረሻ የሙት ልጅ አሳድጊ፣ ለነፍስሽ ስንቅ ይሆንሻል አሏት። ሰው ልካ አስፈለገች። እኔን ስታገኝ አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ አባቴ በሕይወት አለ። እናት ብቻ የሞተችባት ልጅ እንደ ሙሉ የሙት ልጅ ትቆጠር እንደሆነ ጠየቀቻቸው አሉ። ቄሱም ጥያቄው ከጥሩ ምሳ በኋላ የመጣ ስለነበር ትቆጠራለች ብለው ፈቀዱ። በዚህ ዓይነት፣ አባቴ በር ላይ ቆሞ ሳለ የሙት ልጅ ሆንኩ።

በመጀመሪያው ቀን ታጠብኩ፤ ቅማል ይኖርባታል ተብሎ ራሴን በምላጭ ላጩኝ፤ ቀሚስ አለበሱኝ። በሳምንቱ ክርስትና ተነሣሁና አዲስ ስም ወጣልኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ለአፋቸው አልመች ብሎ ነው። በዚያን ዘመን ሕዝባችንን የሚጠሩበትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ እሱ ግን ለአፋቸው በጣም ይመች ነበር።

ቋንቋዬም ተከለከለ። ወጥ ቤቷ የአገሬ ሴት ነበረች፤ ልጅቷን በአማርኛ ብቻ አነጋግሪ፣ አንደበቷ ይጥራ ተባለች። ችግሩ የሷ አማርኛ «እሳት አንድጂ»፣ «ውኃ ቅጂ» እና «እሺ እሜቴ» ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጨዋታችን ቶሎ ያልቅ ነበር።

እኔ በፊተኛው ሳምንት የተማርኩት ሁለት ቃል ነው። እንግዳ ሲኖር ወይዘሮዋን «እማዬ» እላታለሁ፤ እንግዳ ሲሄድ «እሜቴ»። እንግዳ ሲኖር ስጋጃው ላይ ከጎኗ እቀመጣለሁ፣ ፍትፍት በእጇ ታጎርሰኛለች፣ ልጄ ናት ትላለች። እንግዳው በሩን ሲያልፍ ከስጋጃው ተነሥቼ ማድ ቤት እገባለሁ። እንግዶቹ ይህችን የማደጎ ልጅ እንዴት እንደምትወዳት አየሽ ወይ እየተባባሉ ሲሄዱ፣ እኔ ገና ጉርሻዬን እያኘክሁ አመድ እጠርግ ነበር። አንድ ቀን ተሳስቼ በእንግዳ ፊት «እሜቴ» አልኳት። ቀልደኛ ናት ብላ ሳቀች፤ ከሥር በኩል ግን ጭኔን ቆንጥጣ ይዛ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ስህተት እንዳልሠራ ብዬ ሁለቱንም ቃል ተውኩ። ቀጥሎ የቀረውንም ተውኩ። ጭራሽ መናገር አቆምኩ።

አንድ ሳምንት ማንም ልብ አላለም፤ ዝም ያለች ልጅ የታረመች ልጅ ናት። በወሩ ግን ጉዳዩ ወሬ ሆነ። የወይዘሮዋ ወዳጆች በየተራ መጥተው ያዩኛል፣ አፌን አስከፍተው ምላሴን ይመረምራሉ። አንደኛዋ ቡዳ በልቷታል አለች። ሌላዋ፣ ብዙ ከብት የነበራት ሴት፣ ሕፃን ምን ልብ አለው ብላ ሳቀችባቸው፤ እንደ ጥጃ ነው፣ ጡት የተወ ዕለት ይጮኻል፣ በሳምንቱ ሣር ይግጣል አለች። ወይዘሮዋ ከሁሉም ይልቅ ተቀይማ ነበር። በላች፣ ለበሰች፣ ምን ጎደለባት እያለች እጇን ትዘረጋለች። ጥያቄው ለእኔ አልነበረም። ምን ጎደለሽ ብሎ በቀጥታ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ጠበል ወሰዱኝ፤ ጠበሉ ብርድ ብቻ አተረፈልኝ። ደብተራ ተጠርቶ ክታብ ጻፈ፤ ክታቡ በቀይ ቆዳ ተሰፍቶ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ።

ለእኔ ግን ዋናው ነገር አባቴ የሚመጣበት ቀን ነበር። ገባሮች እህልና ማር ይዘው ሲመጡ አብሮ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከስንት ወር በኋላ መጣ። ያን ቀን ንጹሕ ቀሚስ አለበሱኝና ወይዘሮዋ ከጎኗ አስቀመጠችኝ፤ ልጅቷ እንዴት እንደተመቻት አባቷ ይይ ነው ነገሩ። ልቧ እንዳይሸፍት ከተቀመጠችበት እንዳትንቀሳቀስ ተብሎም ነበር። አባቴ ገብቶ ወለሉ ድረስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እጅ ሲነሣም፣ ተነሥቶ ሲቆምም ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ማሩን አስቀመጠ፤ ወደኋላው እየሄደ ወጣ። አንድ ጊዜም አላየኝም።

እኔም በስድስት ዓመት አእምሮዬ ነገሩን መረመርኩና ደረስኩበት። አባቴ ያላወቀኝ ራሴ ስለተላጨ ነው። ጥፋቱ የምላጩ ነው። ፀጉሬ ሲያድግ ያውቀኛል፣ ይወስደኛል።

በወሩ ወይዘሮዋ ራሷ ልትላጨኝ ምላጭ ይዛ ስትቀመጥ እጇን ነከስኳት። ደም እስኪመጣ ነከስኳት። አርጩሜው የቱን ያህል እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ለመላጨቱ ግን ሁለት ሰው ያዘኝ።

ከዚያ በኋላ ማድ ቤት ገብቼ ከጥጉ ተቀመጥኩ። ወጥ ቤቷ ለሠራተኞቹ ጎዳሬ እየላጠች ነበር። ወደ በሩ አየት አደረገችና፣ ትእዛዙን ጥሳ በቋንቋችን፣ እጇን ስለ ምን ነከስሽ አለችኝ። ከመንደራችን ከወጣሁ ወዲህ በቋንቋዬ የተጠየቅሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ፀጉሬ ካላደገ አባቴ አያውቀኝም» አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«አባትሽ አውቆሻል» አለችኝ። «ቀና ብሎ ቢያይሽ ኖሮ ይዞሽ ይሄድ ነበር። ይዞሽ ቢሄድ ደግሞ ያስሩት ነበር። ለዚህ ነው ያላየሽ።»

ያን ጊዜ የገባኝ ግማሹ ነው፤ ግማሹም በቃኝ። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም አወራሁ፤ ስለ እናቴ፣ ስለ አክስቴ፣ ስለ ፍየላችን ሳይቀር። ድምፄ ግቢው ድረስ ተሰማ። ወይዘሮዋ ሮጣ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ በየትኛው ቋንቋ እንደማወራ እንኳ ግድ አልሰጣትም። ክታቡ ሠራ አለች። ደብተራው በግ ተሰጠው፤ ወጥ ቤቷ በጉን አረደችለት። ክታቡ ውስጥ የተጻፈው ምን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም፤ ስለ ምላጭ እንዳልነበረ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አማርኛ ቶሎ ለመድኩ። ለእንግዶች ጸሎት በቃሌ እወጣላቸው ነበር፤ ወይዘሮዋም በየመካከሉ ዓይኗን ትጠርጋለች። ስጋጃና ማድ ቤት መመላለሱ እንደ ቀድሞው ቀጠለ።

ጦርነቱ መጣ። የወይዘሮዋ ባል መልከኛው ዘመተና በዚያው ቀረ። ጣሊያን ሶዶ ሲገባ ያ ሁሉ እንግዳ በየዘመዱ ተበተነ፤ የንስሐ አባቷም የት እንደገቡ አልታወቀም። ትናንት በራችን ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሲያልፉ ቤቱን ቀና ብለው አያዩትም፤ አንዳንዱ ደግሞ በጣም ያየዋል፤ እሱ የባሰ ነበር። ወይዘሮዋ በዚያ አገር አንድ ዘመድ የላትም። ወጥ ቤቷ፣ ከእኔ ጋር አብራ በተማረችው አማርኛ፣ የልጅቷ አባት ቤት እንሂድ ስትላት፣ ለእኔ ማን በር ይከፍታል አለች።

«ለልጁ ይከፍታል» አለቻት ወጥ ቤቷ። «እርስዎ ከኋላዋ ይገባሉ።»

ሦስታችን በእግር ወጣን። ወይዘሮዋ መንገዱን ሁሉ እጄን አልለቀቀችም። የምትመራኝ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ከእንሰቱ መካከል ወጣ። ጎንበስ አላለም። ቀጥ ብሎ ቆሞ አየኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየውን በአንድ ጊዜ የሚያይ ይመስል ብዙ ቆየ። ከዚያ መጥቶ አነሣኝ፤ ለመታቀፍ ትልቅ ሆኜ እግሬ ጉልበቱን ይመታው ነበር። አክስቴ ወጥታ ይህች ሴት ማን ናት አለችው። አባቴ፣ ልጄን ያሳደገች ሴት ናት፣ ትግባ አለ።

ወይዘሮዋ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። «ልጄ መጣች አለ» አልኳት። ስለሷ የተናገረውን አልተረጎምኩላትም። እስከዛሬ አይቆጨኝም፤ ትንሽ ካልሆነ በቀር።

ሶዶ ሳለች የእንጨት ቂጣ ትለው የነበረውን ቆጮ ሦስት ቀን አልነካም አለች። በአራተኛው ቀን ድርሻዋን ጨርሳ ወደ ወጥ ቤቷ ድርሻ ማየት ጀመረች። ቋንቋ ስለማትችል ከጥግ ተቀምጣ ዝም ትላለች። የመንደሩ ሴቶች በየተራ መጥተው ያዩዋት ነበር። አንዷ ቡዳ በልቷታል አለች። ሌላዋ፣ የለም፣ እነዚህ ሴቶች ካላዘዙ በቀር መናገር አልተማሩም አለች። ከሁሉ አብልጬ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

መሳቅ ብቻ አይደለም። ውኃ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል ስትለኝ ፍየል የሚባልበትን ቃል ነገርኳት። ቃሉን ስትለማመድ ዋለችና ጎረቤታችን ዘንድ ሄዳ በትሕትና ለመነች። ጎረቤታችን ግራ ቢገባትም ለእንግዳ እምቢ አይባልም ብላ ፍየሏን በገመድ እየጎተተች ይዛላት መጣች። ወይዘሮዋ ፍየሏን አየች፣ እኔን አየች። ትመታኛለች ብዬ ወደኋላ አልኩ። እሷ ግን መሳቅ ጀመረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያለ እንግዳ አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያችን ነው። ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ቃል ነገርኳት፤ ብዙ ሌላም ቃል አስተማርኳት። ከሰዓት በኋላ ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር፤ ማንም ሳያዝዛት፣ ማንም ሳያያት።

ስምንት ወር ያህል ተቀመጠች። ሶዶ ላይ ጥቂት የአገሯ ሰዎች እንደተመለሱ ሲሰማ ልትሄድ ተነሣች። ልጄን ይዤ እሄዳለሁ አለችው አባቴን፤ እኔ ተረጎምኩ፤ በዚህ ጊዜ በትክክል። አባቴ ለሷ አልመለሰላትም። ወደኔ ዞሮ አንቺ ምን ትያለሽ አለኝ። ጎልማሳ ሰዎች ስለ እኔ እኔን ሲጠይቁኝ አይቼ አላውቅም ነበር። እዚህ እሆናለሁ አልኩ። ወይዘሮዋ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ይሁን አለች፣ ወጥ ቤቷን አስከትላ ሄደች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን በማግስቱ ማልቀስ ጀመርኩ። አክስቴ ገንፎ ብትሠራልኝ አልበላም አልኩ። ፀጉሬን ልትሠራኝ ብትመጣ እጇ ሻካራ ነው ብዬ ሸሸሁ። የመንደሩ ልጆች አማርኛ የተቀላቀለበትን ወላይትኛዬን እየሰሙ ወይዘሮ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አክስቴ ተቆጣች፤ አባቷ ቤት ገብታ ምን ጎደለባት አለች።

በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ቀን አባቴ አጥሩ ሥር አገኘኝ። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። አላውቅም አልኩት። እሷን ነው ወይ አለ። አዎ ለማለት ስላፈርኩ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። አልተቆጣም፣ አልመከረኝም። መቆፈሪያውን ከትከሻው አውርዶ አጥሩ ላይ አስደገፈና አጠገቤ ተቀመጠ። ማሳው ላይ ጎረቤቶቻችን ለደቦ ተሰብስበው ይጠብቁት ነበር፤ አንድ ሁለት ጊዜ ጠሩት። እጁን እያነሣ ቆዩ ይላቸዋል። እስኪወጣልኝ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ማሳው ወረደ።