ብስክሌቱን ወስዶ ጎማውን የተወው ሌባ

ሰፈር ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ «እትዬ ሜትር» ትባላለች፤ እሷም ተስማምቷታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ስታሰፋና ስታጠብ፣ በአንዲት የስፌት መኪና ልጇን አሳድጋ ለቁም ነገር አብቅታለች።

ቁም ነገር ያልኩት ብስክሌት ነው። ልጅቷ እሑድ ጠዋት ለክለብ ተወዳዳሪ የሚመረጥበት ውድድር ነበረባት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የውድድር ብስክሌቷን፣ ኮርሳዋን፣ ልታጥብ ጎማዎቹን ፈትታ በር ላይ ብታጋድማቸው፣ ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ሁለቱም ላይ ወጣባቸውና እንደ ቂጣ አጣጠፋቸው። ባለመኪናው በይቅርታ ብዛት ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሌላ እገዛለሁ አለ፤ ግን ዕቃው በትዕዛዝ የሚመጣ፣ ቢፈጥን በሳምንቱ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ጎማ የጋሼ ብቻ ነው። ጋሼ የእትዬ ሜትር ታላቅ ወንድም፣ ብስክሌት ጠጋኝ የነበረ፣ አምና ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው ወዲህ እሷ ዘንድ የሚኖር ሰው ነው። በወጣትነቱ የሚወዳደርበት ብስክሌት ተሰርቆበት፣ ሽቦዎቻቸውን በገዛ እጁ የወጠራቸው ሁለት ጎማዎች ብቻ ተርፈውለት ነበር። በየጓዳው እንደተሰቀሉ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሷ ጋ ሲመጣም ይዟቸው መጣ።

«የኔ ለአዲስ ብስክሌት ይጠባል» አለ ጋሼ ከወንበሩ ሳይነሳ። «የኋላው የመሃል ዘንጉ ወርድ አራት ሚሊ ይጎድለዋል።»

እትዬ ሜትር ሜትሯን ሳብ አድርጋ ለካች። እውነቱን ነው፤ አራት ሚሊ።

«አራት ሚሊም ጉድለት ሆኖ?» አለች። «እኔ ጋ የሚመጣው ሰው በየዓመቱ አራት ጣት ይሰፋል፤ ራቁቱን የሄደ ግን አላየሁም።»

ጋሼ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ከዚያ እሱ እያዘዘ እነሱ ይሠሩ ጀመር።

ጎማዎቹ በዘይት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልለው ነበር። ልጅቷ የኋላውን ገልጣ የዘንጉን ማሰሪያ ዳዶዎች ፈታች። በግራም በቀኝም ከዳዶው ሥር አንድ አንድ ወፍራም ሮንዴላ አለ፤ እነዚያ ቀለበቶች ወደ ውስጥ ቢገቡ ክፍተቱን ይሞላሉ። ልጅቷ ቸኩላ ሁለቱንም በግራ በኩል ከተተቻቸው። ጎማው ገባ፤ ግን ወደ አንድ ወገን አጋድሎ ፍሬኑ ያዘውና አልዞር አለ። የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ወገብ ሲሰፋ ከአንድ ጎን ብቻ ይለቀቃል እንዴ?» አለች እናቷ። «ሱሪው ይጣመማል እኮ። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ።»

ጋሼ ቀበል አድርጎ «እሱን ልል ነበር» አለ።

ሮንዴላዎቹ ተከፋፈሉ፤ ያረጀውም ላስቲክ በልጅቷ ጎማዎች ላስቲክ ተተካ። ጎማው ልክ መሃል ላይ ቆሞ ያለ ድምፅ ተሽከረከረ።

«ማርሹ ሁሉ አይገባልሽም» አላት ጋሼ። «አራቱ ግን ይበቁሻል፤ መንገዱ ሜዳ ነው።»

ልጅቷ ልትሞክረው ወጣች። እትዬ ሜትር ጨርቁን እያጣጠፈች ድንገት እጇ ቆመ። ሌባ ብስክሌቱን ወስዶ ጎማውን የሚተው ለምንድን ነው? ያ ብስክሌት የጠፋው ጋሼ የስፌት መኪናዋን ይዞላት በመጣ ሳምንት ነበር። አሠሪዬ ሸለመኝ ነበር ያለው፤ ያ አሠሪ ደግሞ ሰላምታ እንኳ የሚሰስት ሰው ነው።

«ጋሼ።»

«እ።»

«ያ ሌባህ ጎማዎቹን ፈትቶ፣ ሮንዴላውን መልሶ፣ ዳዶውን አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሄደው?»

ጋሼ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ጨዋ ሌባ ነበር» አለ።

«ያኔ ለትልቁ ውድድር ተመርጠህ ነበርኮ። ምን አለ ብትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ትሰፊባት ነበር?»

አትሰፋባትም ነበር። በጣቷም አትነካትም ነበር። ያሳደገቻት ልጅ፣ የከፈለችው የቤት ኪራይ፣ የበላችው እንጀራ ሁሉ በዚያ ውሸት ላይ መቆሙ ታያት። ልታመሰግነው ፈለገች፤ ግን ጨርቁን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ወጥታ የተናገረችው ስለ ምሳ ነበር።

እሑድ ጠዋት ወንበሩን ተሸክማ ጋሼን ወደ ውድድሩ ወስዳ መንገድ ዳር አስቀመጠችው። ልጅቷ በአራት ማርሽ ሦስተኛ ወጣች፤ የሚፈለጉት አምስት ነበሩ። ጋሼ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል ግራ እጁን እያወዛወዘ፣ ጎማዎቹ ዞረው እስኪቆሙ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

እትዬ ሜትር ጎንበስ ብላ የማይታዘዘውን እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጋሼ፣ ያንን ሌባ ድንገት ካገኘኸው፣ እህቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላሃለች በልልኝ።»

«ሰምቷል» አለ ጋሼ።