የብራክሜር ማማ መሠረት

ሄስተር ላርተር መስታወቱን ተሰብሮ ያገኘችው ዓርብ ጠዋት፣ የማማውን ሥር ለማግስቱ ሠርግ ልትጠርግ ስትገባ ነው።

የጣት ስፋት ያለው ቀጭን መስታወት ነበር። በብርዱ ወራት የደወሉ ማማ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ሲታይ፣ ከከተማ የመጣው መሐንዲስ ሦስት እንዲህ ያሉ መስታወቶችን በስንጥቁ ላይ አጋድሞ ጫፍና ጫፋቸውን በጄሶ ለጠፋቸው። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ መስታወቱ ደህና ይከርማል፤ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። አሁን የታችኛው ለሁለት ተከፍሏል። ሄስተር መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ዕድሜዋ ስድሳ አንድ ነው። የብራክሜርን ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ከያዘች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ታውቀዋለች። በሰሜን በኩል ያሉት አጫጭርና ወፋፍራም ዓምዶች ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን በያዙበት ዘመን የቆሙ ናቸው። ማማው ግን ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ መንደሩ በበግ ጠጉር ንግድ ሲያልፍለት፣ በባልጩት ድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በመቅደሱ ፊት ባለው የእንጨት መከለያ ላይ የተሳሉት ቅዱሳን ፊት የላቸውም፤ የሃይማኖት ጠብ በተነሣ ጊዜ የገዛ መንደራቸው ሰዎች በቢላ ፍቀዋቸዋል። ሄስተር አቧራቸውን የምታራግፈው ቁስል እንደምትጠርግ ሰው ቀስ ብላ ነው።

ስንጥቁ ከምን እንደመጣ መሐንዲሱ አላወቀም። የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ባሏ ሳይላስ ግንበኛ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ ሲገባለት፣ ከማማው ሥር የከሰል ማስቀመጫ ምድር ቤት እንዲቆፍር የተቀጠረው እሱ ነው። ሲቆፍር አጉል ገፍቶ የማማውን የማዕዘን መሠረት ነካ፤ ድንጋዮቹ ተንደው ወረዱበት፣ ውሃም ገባበት። በዚያው ሳምንት እሑድ ጳጳሱ ሊመጡ ነበርና ለመጠገን ጊዜ አልነበረውም። ሳይላስ ቀዳዳውን በአፈርና በፍርስራሽ ሞላው፤ ላዩን በድንጋይ ሸፍኖ በኖራ ለሰነው። ይህን የነገራት ከብዙ ዘመን በኋላ ሳንባው ታሞ ሊሞት ሲል ነው። “ለሩበን እንዳትነግሪው” አላት። እሺ አለችው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት አለፈ።

ሩበን አንድ ልጃቸው ነው። እሱም ግንበኛ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ደዋዮች አለቃም ነው። በጋሪው ላይ ዛሬም ድረስ “ላርተርና ልጁ” የሚል ጽሑፍ አለ፤ ቀለሙ በለቀቀ ቁጥር በእጁ ያድሰዋል።

ሄስተር ወደ ቄስ ክሮውፉት ሄዳ መስታወቱ መሰበሩን ነገረቻቸው። ወዲያው መሐንዲሱ ዘንድ ስልክ አስደወሉ፤ እስከ ሰኞ አይመለስም ተባሉ። መጥተውም አዩት። ሁለቱ መስታወቶች ደህና ናቸው፣ አንዱን ቁራ ነክቶት ይሆናል አሏት። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ አፏን ብትከፍት ይሰሟት ነበር። አልከፈተችም። 

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገባች። ሁለተኛውም ተሰብሯል። ስንጥቁ ውስጥ ጣቷን ብትሰድ እስከ አንጓው ገባላት።

ሠርጉ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ የኮሎኔል ቬሬከር ልጅ ናት የምትዳረው። አራት ሰዓት ሲሆን ደዋዮቹ እየሳቁ መጡ፤ ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ስድስቱ ደወሎች በገመድ ተስበው አንድ ላይ ሲዞሩ ማማው እንደ ዛፍ ይወዛወዛል፤ ደዋይ የሆነ ሁሉ ይህን ከእግሩ ሥር ያውቀዋል። በደህናው ጊዜ ደስ የሚል ነገር ነው። ሄስተር ገመዶቹ መካከል ገብታ ቆመች።

“ምነው ሄስተር፣ ልጅቷን የምትድሪው አንቺ ነሽ እንዴ? ፊትሽ አመድ መስሏል” አላት አምብሮዝ፣ የትልቁ ደወል ደዋይ። የቀሩት ሳቁ።

“ዛሬ ደወል አይነካም” አለች።

ሩበን ሳቅ ብሎ ገመዱን ያዘ። “እማዬ፣ ሙሽሪት መንገድ ላይ ናት። ቄሱ እኮ አይተውታል፤ ምንም የለውም።”

“ቄሱ የማያውቁት ነገር አለ። ገመዱን ልቀቀውና ስማኝ።”

ሰው ፊት ልትናገረው አልፈለገችም ነበር፤ ለብቻው ጠርታ ብትነግረው ግን ነገሩን ችላ ብሎት እንዳይመለስ ፈራች። ስለዚህ በአምስቱ ሰዎች ፊት ሁሉንም ተናገረች፤ ጉድጓዱን፣ የተናደውን ድንጋይ፣ አፈሩን፣ ልስኑን።  አምብሮዝ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ።

“አባቴ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም” አለ ሩበን።

“ሠርቷል፣ ልጄ።”

“አርጅተሻል፤ ነገር ተምታቶብሻል።”

“እንግዲያው ውረድና በድጅኖ ነካው። አባትህ እንደነገረኝ በደረት ከፍታ፣ ከማዕዘኑ ሁለት ክንድ ገባ ብሎ ነው። ከተሳሳትሁ እኔው ራሴ የመጀመሪያውን ገመድ እጎትትልሃለሁ።”

ሩበን ከጋሪው ድጅኖ አምጥቶ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። እነሱ ላይ ሆነው አዳመጡ። አንድ ምት፤ ድንጋይ ነው። ሁለተኛ ምት፤ ድንጋይ ነው። ሦስተኛው ግን ትራስ እንደመቱ ያለ ድምፅ ሰጠ። ቀጥሎ አፈር ሲንሿሿ ተሰማ፤ ብዙ ጊዜ ተንሿሿ። ውጭ የእንግዶች መኪና ሲቆም ይሰማል፤ ሴቶች ይሳሳቃሉ። ሩበን ሲወጣ ክንዱ እስከ ትከሻው ጭቃ ሆኗል።

“አምብሮዝ፣ ገመዶቹን ሁሉ ጠቅልልና ስቀላቸው” አለ። እናቱን ሳያያት አለፈ።

ቄስ ክሮውፉት ወሬውን ሲሰሙ ጊዜ አላጠፉም። ኮሎኔሉ ልጃቸው በሌላ ቀን እንድትዳር አልፈቀዱም፤ ቄሱም ሰው በማማው ሥር ባለው ዋና በር እንዲገባ አልፈቀዱም። በመጨረሻ በምሥራቅ ጫፍ ባለችው በትንሿ የካህናት በር ሙሽሮቹና የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ወደ መቅደሱ እንዲገቡ ተስማሙ። የቀረው እንግዳ በማዶው ሜዳ ላይ፣ ከማማው ርቆ ቆመ። ሄስተር አርፍዶ የሚመጣ እንዳይገባ ዋናው በር ላይ ቆመች።

በበሩ ስንጥቅ የቄሱን ድምፅ ትሰማለች። ሙሽራው ቃሉን ጨረሰ። ሙሽራይቱ ስትጀምር ከማማው ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ የዳቦ መጠን ያለው ድንጋይ ደዋዮቹ በሚቆሙበት ቦታ ወደቀ። ነጭ አቧራ በበሩ ሥር ወጣ። የቄሱ ድምፅ ቆመ።  ከዚያ ሙሽራይቱ፣ ጮክ ብላ፣ ያቋረጠችውን ቃል ጨረሰች፤ ቄሱም ከበፊቱ ፈጥነው ቀጠሉ። በትንሿ በር ሲወጡ የልጅቷ የራስ መሸፈኛ በሙሉ አቧራ ነበር። ማንም አልተጎዳም።

ሰኞ መሐንዲሱ መጣ። ማማው በወፋፍራም ግንድ ተደገፈ። ደወሎቹ ተደውለው ቢሆን ኖሮ ይወድቅ ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ “አላውቅም፤ ብቻ እኔ ሥሩ አልቆምም ነበር” አለ።

በመንደሩ ሄስተርን ያመሰገነም ነበር። ሌላው ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ልጆቻችንን እዚያ ሥር ስታስቀምጥ ዝም አለች አለ። የሰበካው ሸንጎ ቁልፉን ተቀበላት። ቄሱ ሊከራከሩላት ሲነሡ፣ ተዉ፣ የሚሉት እውነት ነው አለቻቸው።

መሠረቱን መልሶ የሠራው ሩበን ነው። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። አሥራ አንድ ሳምንት በየቀኑ በእናቱ ቤት ደጅ አለፈ፤ አንድም ቀን አልገባም። ከጋሪው ላይ ያለውን ጽሑፍም አልፋቀውም፤ አላደሰውም። እሷ በመስኮቱ ታየዋለች፤ አትጠራውም።

በአሥራ ሁለተኛው፣ የሥራው መጨረሻ በሆነው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኳ። ሻይ ቀዳችለት፤ አልጠጣውም።

“ለምን ለአንቺ ነገረሽ? ግንበኛው እኔ አይደለሁም?”

“ቢነግርህ ትጠግነዋለህ። ስትጠግነው ደግሞ ታየዋለህ። እንድታይበት አልፈለገም።”

 “አንቺስ?” አላት።

“እኔ በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እል ነበር። በየቀኑ ደግሞ ጋሪህን አያለሁ።”

ኮፍያውን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ። “መሠረቱ ነገ ይለሰናል። ከመዘጋቱ በፊት ነይና እዪው” አላት።

ሹራቧን ደርባ ተከተለችው። በዚያ ሁሉ ዓመት ምድር ቤቱን ረግጣው አታውቅም ነበር። ሩበን ፋኖሱን ከፍ አደረገላት። አባቱ ከፍርስራሹ ጋር የቀበራቸውን የጥንት ድንጋዮች አንድ በአንድ አጥቦ፣ ከአዲሶቹ ጋር አሰካክቶ ሠርቷቸዋል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ጣቱን እየቀሰረ አሳያት። ሄስተር መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

“ይቀዘቅዛል” አለች።

“ኖራው ገና አልደረቀም” አለ ሩበን። ደረጃው እርጥብ ነበርና፣ ሲወጡ ክንዷን ያዛት።