የዩኤስቢውን ኃይል ልጽፍ ሞጣ ድረስ

ዓርብ ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሳሁት የራሴን ስህተት ፍለጋ ነው። ብቸና ያስተማሩኝ ቲቸር የሺ ጡረታ ወጥተው ሞጣ ገብተዋል። የጉሮሮ ሕመም ድምፃቸውን ከመውሰዱ በፊት የባዮሎጂውን ትምህርት በሙሉ በፍላሽ ቀድተው ነበር፤ ማየት ለተሳናት ጎረቤታቸው ለፀሐይ። የእሷ ስልክ ፍላሽ የማይቀበል ባለ ቁልፍ ስለሆነ፣ ፍላሹን የሚያጫውት ትንሽ ሳጥን ሠርቼ ላክሁላት። ሳጥኑ ጭጭ አለ። የፀሐይ የባዮሎጂ ፈተና ደግሞ ሰኞ ነው።

ብቸና፣ ስምንት ሰዓት

ለምሳ ወረድኩ። ሽሮው ዛሬም በቃሪያ ያንገበግባል። ትምህርት ቤቴ በር ላይ ትንሽ ቆምኩ። ያኔ የቲቸር የሺ ድምፅ ከመጨረሻው ክፍል እስከ አጥሩ ይሰማ ነበር። ናፈቀኝ።

በሞጣው ሚኒባስ አጠገቤ አንድ አዛውንት ተቀመጡ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«መላኩ እባላለሁ።»

«ስምህን መቼ ጠየቅሁህ? የማን ነህ?»

አያቴ ድረስ ሳልቆጥር አለቀቁኝም። ደብረ ወርቅ ላይ መርቀውኝ ወረዱ። በግራ በኩል ጮቄ ደመና ለብሷል።

ሞጣ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

«አረጀህ እኮ!» አሉኝ ቲቸር የሺ፣ በሹክሹክታ። ፀሐይ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

ላፕቶፔን ከሳጥኑ አገናኝቼ የሃርድዌሩን መግለጫ ፋይል ከፈትኩ። እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሆነ፣ ኃይልም ከየት እንደሚያገኝ የሚጻፍበት ነው። ዩኤስቢውን በስሙ ጽፌዋለሁ። ኃይል ሰጪውን ግን ዘልዬዋለሁ! ሳጥኑ በርቶ ሲነሳ ደግሞ ማንም የእኔ ነው ያላለውን የኃይል መስመር ያጠፋል። ቤቴ ስሞክረው ፍላሹን የሰካሁት የራሱ ኃይል ባለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ስለነበር ጉድለቱ አልታየኝም። «ስምህን መቼ ጠየቅሁህ?» ያሉኝ አዛውንት ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

የጎደለውን ጽፌ አስነሳሁት። የፍላሹ መብራት በራ።

«ዛሬ ስለ ሕዋስ እንማራለን። ከኋላ ያላችሁ፣ ዝም!»

ለፀሐይ ብቻ ሲቀዳም የክፍል ልማዱን ያልተወው ያ የብቸና ድምፅ ቤቱን ሞላው። ፀሐይ ሳጥኑን በሁለት እጇ ያዘችው። ቲቸር የሺ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

አዲስ አበባ፣ እሑድ

ደህና ገባሁ። ለካ እኔ የማውቀው ነገር ሁሉ የተነገረ እየመሰለኝ ሳልናገር እተወዋለሁ፤ በሥራዬም፣ በኑሮዬም። ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ደወልኩ።

«ቲቸር፣ ለዚህ ያበቁኝ እርስዎ ነዎት። ነግሬዎት አላውቅም።»

 በዚያችው ሹክሹክታ፣ «አልተሰማም፤ ጮክ በል። ፀሐይም እዚህ አለች» አሉኝ።

ሳላስበው ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩና ደገምኩት።